የአንድ ሊትር ወተት ዋጋ

ትምህርት አሥራ አራት

የትምህርቱ ዓላማ

ይህ ትምህርት በአስረጂ ጽሑፍ ላይ ያተኮረ ነው። አስረጂ ጽሑፍ አንድ ነገር ምን እንደ ሆነ፣ እንዴት እንደሚከናወንና ስለ ምን እንደዚያ እንደ ሆነ በማስረጃ አስደግፎ የሚያብራራ የድርሰት ዓይነት ነው። ከዚህ ቀጥሎ የቀረበው ምንባብ በሰሜን ሸዋ ደጋ ስለሚካሄደው የወተት ላም ርባታ ወጪና ገቢ ይናገራል። ስታነቡ ምክንያትን ከውጤት ጋር የሚያያይዙትን ቃላት እየለያችሁ በደብተራችሁ ጻፉ።

ምንባቡን ከማንበባችሁ በፊት የሚከተሉትን ጥያቄዎች በቃል ተወያዩባቸው።

1. በአካባቢያችሁ ወተት የሚሸጠው በምን መልክ ነው? እንዳለ ነው ወይስ ቅቤና አይብ ሆኖ?
2. «ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም የማላይ» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር የሚነገረው ለምን ዓይነት ሰው ነው?

ሀ. ምንባብ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ምሥራቅ በሚወስደው አውራ ጎዳና 130 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ደብረ ብርሃን ይደርሳል። ከተማዪቱን በ15ኛው መቶ ዓመት የቆረቆሯት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኝ በመሆኗ ብርዷ የታወቀ ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ሌሊት ውርጭ ይወርድባታል። ከዚያ ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ደጋው ተቆርጦ ወደ ዐፋር ቆላ በሚወርድበት አፋፍ ላይ፣ በ19ኛው መቶ ዓመት የሸዋ ነገሥታት መናገሻ የነበረችው አንኮበር ተቀምጣለች። በዚህ ምድር የሚኖረው ገበሬ ገብስ፣ ስንዴና ባቄላ ይዘራል፤ ከዚሁም ጋር በግና ከብት ያረባል።

ይህ ደጋ ለወተት ላም የሚስማማ ነው። አንደኛ፣ አየሩ ቀዝቃዛ ስለ ሆነ ከብርድ አገር የመጣችው ላም ሙቀት አያስጨንቃትም። ሁለተኛ፣ በቆላ ከብት የሚፈጀው የገንዲ በሽታ በዚህ ከፍታ አይገኝም። ሦስተኛ፣ ክረምት ያበቀለው የሜዳ ሣር በጥቅምትና በኅዳር ታጭዶ ድርቆሽ ይሆናል። አራተኛ፣ ብርዱ የታለበውን ወተት ከመበላሸት ያዘገየዋል። ይሁን እንጂ የተፈጥሮ መስማማት ብቻውን ትርፍ አያስገኝም። ትርፍ የሚታወቀው ገቢው ከወጪው ጋር ሲተያይ ነው። ስለዚህ «የወተት ላም ታዋጣለችን?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚገኘው ሒሳብ በማስላት ነው።

በመጀመሪያ ስለ ላሞቹ ዓይነት ጥቂት እንናገር። የሐበሻ ላም አካሏ አነስተኛ ነው። በቀን የምትሰጠው ወተት በአብዛኛው ከ1 ሊትር ተኩል እስከ 2 ሊትር ነው። የምትታለበውም ከወለደች በኋላ ለጥቂት ወራት ብቻ ነው። ጥጃዋ ቀድሞ ካልጠባ ወተቷን አትለቅም፤ ጥጃው የሞተ እንደ ሆነም ብዙውን ጊዜ ትነጥፋለች። በሌላ በኩል ግን ረኀብንና በሽታን ትችላለች፤ በገለባና በግጦሽ ትኖራለች፤ ወተቷም ቅባቱ የበዛ ነው።

በተለምዶ «የፈረንጅ ላም» የምትባለው ደግሞ ከውጭ አገር የመጣች ወይም ከውጭ አገር ዘር ጋር የተዳቀለች ናት። እ.ኤ.አ. በ1947 በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የተቋቋመው የተባበሩት መንግሥታት የእርዳታ ድርጅት ሦስት መቶ ያህል ፍሪዥያንና ብራውን ስዊስ የተባሉ ከብቶችን ለኢትዮጵያ ሰጥቶ ነበር። የዘመናዊ ወተት ርባታ ታሪክ በአገራችን የሚጀመረው ከዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 በተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት እርዳታ በአዲስ አበባ ሾላ በተባለው ስፍራ የወተት ማቀነባበሪያ ተቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ1974 የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የአፍሪካ የእንስሳት ማእከልም በ1980ዎቹ ዓመታት በደብረ ብርሃን የምርምር ጣቢያ ነበረው። ዛሬ በደብረ ብርሃንና በዙሪያዋ ካሉት ከብት አርቢዎች ብዙዎቹ አንድ ወይም ሁለት ድቅል ላሞች አሏቸው። ድቅል ላም በደኅና አያያዝ በቀን ከ6 እስከ 10 ሊትር ልትሰጥ ትችላለች።

ስምንት ከሁለት እንደሚበልጥ ሁሉም ያውቃል። ከዚህም የተነሣ አንዳንድ ሰው ድቅል ላም መግዛት ብቻውን ከድኅነት የሚያወጣ ይመስለዋል። እንግዲህ ነገሩን በስሌት እንመርምረው። ከዚህ በታች ያሉት ዋጋዎች ለስሌት እንዲመቹ የተወሰዱ ናቸው፤ የገበያ ዋጋ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ እናንተ በየአካባቢያችሁ ባለው ዋጋ ልትተኳቸው ትችላላችሁ።

አንድ ቤተሰብ በደብረ ብርሃን አጠገብ አንዲት ድቅል ላም አለችው እንበል። ላሚቱ በቀን 8 ሊትር ትሰጣለች። ከዚህ ውስጥ 1 ሊትር ለጥጃው፣ 1 ሊትር ለቤተሰቡ ይውላል። የቀረው 6 ሊትር በ50 ብር ሒሳብ ሲሸጥ 300 ብር ያስገኛል። ወጪውስ? ለአንድ ሊትር ወተት ግማሽ ኪሎ ግራም ያህል የፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ ድብልቅ ያስፈልጋል ቢባል፣ ለ8 ሊትር 4 ኪሎ ግራም ይሆናል፤ ኪሎው 30 ብር ቢሆን 120 ብር ነው። ድርቆሽና ገለባ 8 ኪሎ ግራም በ10 ብር 80 ብር ይሆናል። ለጨው፣ ለመድኃኒት፣ ለማዳቀያና ለልዩ ልዩ ጉዳይ 20 ብር ይያዝ። የቀኑ ወጪ በጠቅላላው 220 ብር ነው። ስለዚህ በእጅ የሚቀረው 80 ብር ይሆናል።

ከዚህ ስሌት ሦስት ነገሮችን እንረዳለን። የመጀመሪያው፣ ከወጪው ውስጥ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው መኖ መሆኑን ነው። ከ220 ብር ውስጥ 200 ብሩ የመኖ ዋጋ ነው። የወተት ዋጋ ሳይለወጥ የመኖ ዋጋ ሩብ ያህል ቢጨምር ወጪው በ50 ብር ከፍ ይላል፤ በእጅ የሚቀረውም ከ80 ብር ወደ 30 ብር ይወርዳል። በመኖ ላይ የታየው የሩብ ጭማሪ ከቀሪው ገንዘብ ከግማሽ በላይ የሆነውን ወሰደ ማለት ነው። ላም አርቢው የወተትን ዋጋ ከመከታተል ይልቅ የፉርሽካን ዋጋ አጥብቆ የሚጠይቀው ስለዚህ ነው።

ሁለተኛው ነገር፣ መኖ መቀነስ ቁጠባ አለመሆኑ ነው። ዋጋው የናረበት ሰው ከ4 ኪሎው ድብልቅ አንዱን ኪሎ ቢያስቀር 30 ብር ያተረፈ ይመስለዋል። ነገር ግን ግማሽ ኪሎ ለአንድ ሊትር የሚያስፈልግ ከሆነ፣ አንድ ኪሎ ማስቀረት ሁለት ሊትር ወተት ማስቀረት ነው። ሁለት ሊትር ደግሞ 100 ብር ነው። 30 ብር ለማዳን 100 ብር ያጣ ሰው ቆጣቢ አይባልም። ላም በመጀመሪያ የምትበላው ለራሷ አካል መጠበቂያ ነው፤ ወተት የሚሆነው ከዚያ የተረፈው ነው። ስለሆነም ጥሩ ዘር ያላት ላም ተርባ ከተያዘች የሐበሻ ላም ያህል እንኳ ሳትሰጥ ትቀራለች፤ ትከሳለች፤ በጊዜውም አታረግዝም።

ሦስተኛው ነገር፣ ላም ዓመቱን ሙሉ የማትታለብ መሆኗ ነው። ላሚቱ በዓመት ለ300 ቀን ታልባ ለ65 ቀን ትደርቃለች እንበል። በ300 ቀን የሚቀረው ገንዘብ 24,000 ብር ነው። በደረቀችበት ጊዜ ግን ምንም ሳትሰጥ ትበላለች። የቀን ወጪዋ 160 ብር ቢሆን ለ65 ቀን 10,400 ብር ይሆናል። ከ24,000 ብር ላይ ይህ ሲቀነስ 13,600 ብር ይተርፋል። አሁን ደግሞ ላሚቱ ኮርማ የምትፈልግበት ጊዜ ሳይታወቅ አልፎ፣ ወይም አዳቃዩ ባለሙያ በወቅቱ ሳይደርስ ቀርቶ፣ የደረቀችበት ጊዜ በ100 ቀን ተራዘመ እንበል። ተጨማሪው ወጪ 16,000 ብር ነው። በዚህ ጊዜ ቤተሰቡ 2,400 ብር ይከስራል። ያለ በሽታና ያለ ሞት፣ በማርገዝ መዘግየት ብቻ፣ አትራፊዋ ላም ባለዕዳ አደረገችው። «ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት» የሚባለው እንዲህ ላለው ነገር ነው። ቤተሰቡ ላሚቱን እንዳይሸጣት ብዙ ገንዘብ አውጥቶባታል፤ እንዳያቆያት በየቀኑ ታስወጣዋለች።

እስካሁን ያሰብነው ወተቱ በየቀኑ ይሸጣል ብለን ነው። በሰሜን ሸዋ ግን የገበያው ልክ ከቀን መቁጠሪያ ጋር የተያያዘ ነው። ሕዝቡ በአብዛኛው የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሃይማኖት ተከታይ በመሆኑ በጾም ወተት አይጠጣም። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ የፍልሰታ ጾም 15 ቀን ነው፤ የነቢያትና የሐዋርያት ጾም አለ፤ ረቡዕና ዓርብም አሉ። ሰው ሲጾም ላም አትጾምም። በጾም ቀን ጡቷ በወተት ይሞላል፤ ካልታለበችም ትታመማለች። ወተት ደግሞ እንደ እህል በጎተራ አይቀመጥም።

ለዚህ ችግር የአገሬው ሴቶች ከጥንት ጀምሮ ያገኙት መፍትሔ ቅቤ ነው። ወተቱ በወይራ ጢስ በታጠነ ዕቃ ተጠራቅሞ ይረጋል፤ ከዚያም ይናጣል፤ ቅቤው ይወጣል፤ ከአሬራውም አይብ ይሠራል። ከድቅል ላም ወተት አንድ ኪሎ ቅቤ ለማውጣት 20 ሊትር ያህል ያስፈልጋል ብንል፣ የቀኑ 6 ሊትር 300 ግራም ቅቤ ይሰጣል። ኪሎው 800 ብር ቢሆን ይህ 240 ብር ያወጣል። ከወተቱ ዋጋ ከ300 ብር በ60 ብር ያንሳል። ቢሆንም ቅቤ ይቆያል፤ ነጥረው ቢያስቀምጡትማ ለወራት ይቆያል። በሁዳዴ የተጠራቀመው ቅቤ ለፋሲካ ገበያ ይወጣል። ስለዚህ 60 ብሩ እንደ ኪሳራ ሳይሆን ከብልሽት ለመዳን እንደተከፈለ ዋጋ መታየት አለበት።

ወተትን ወይም ቅቤን ለመምረጥ ከጾሙ ሌላ ርቀትም ይወስናል። እ.ኤ.አ. በ1826 ዮሐን ሃይንሪኽ ፎን ቱነን የተባለ ጀርመናዊ የእርሻ ባለቤት በከተማ ዙሪያ ስላለው እርሻ ባሳተመው መጽሐፍ፣ ቶሎ የሚበላሹት እንደ ወተትና አትክልት ያሉት ምርቶች ለከተማው በጣም ቅርብ በሆነው መሬት ላይ እንደሚመረቱ አስረድቷል። ይህ ሐሳብ በሰሜን ሸዋም ይሠራል። በደብረ ብርሃን ዳርና በአውራ ጎዳናው አጠገብ ያለው ገበሬ ወተቱን እንዳለ ለወተት ሰብሳቢ ያስረክባል። በአንኮበር ገደላገደል ሥር ያለችው እናት ግን አምስት ሊትር ወተት ተሸክማ ዳገት ስትወጣ ፀሐይ ይቀድማታል። ስለሆነም ወተቷን ንጣ ሳምንቱ ሲሞላ ቅቤዋን ይዛ ገበያ ትወጣለች።

የእርሷንም ሒሳብ እናስላ። የሐበሻ ላሟ በቀን 2 ሊትር ብትሰጥና አንዱ ሊትር ለጥጃው ቢተው፣ በሳምንት 7 ሊትር ይጠራቀማል። የሐበሻ ላም ወተት ቅባቱ የበዛ ስለ ሆነ ከ16 ሊትር አንድ ኪሎ ይወጣል ብንል፣ ከ7 ሊትር ወደ 440 ግራም ቅቤ ይገኛል። ዋጋው 350 ብር ያህል ነው፤ በቀን ሲካፈል 50 ብር ይመጣል። ላሚቱ የምትበላው የራሷን ማሳ ገለባና የመንደሩን ግጦሽ ስለ ሆነ በገንዘብ የሚወጣው ወጪ እጅግ ጥቂት ነው። እንግዲህ በቀን 80 ብር የምታስቀረው ድቅል ላምና በቀን 50 ብር የምታስቀረው የሐበሻ ላም በወተት መጠን እንደ ተራራቁ በትርፍ አልተራራቁም። እርግጥ የሐበሻ ላም የምትታለብበት ጊዜ ያጠረ ነው፤ ብዙውን ጊዜም የምትወልደው በሁለት ዓመት አንዴ ነው። ነገር ግን መኖ ሲወደድ እርሷን የያዘ ሰው ዕዳ አይገባም። ስለዚህ ገበያና መኖ በሩቅ ያለበት ገበሬ የሐበሻ ላሙን ይዞ ቢቆይ ኋላ ቀር ነው ሊባል አይገባም።

በእነዚህ ስሌቶች ውስጥ ያልተቆጠሩ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ጉልበት ነው። ላም ማለብ፣ በረት መጥረግ፣ ውሀ መቅዳት፣ ድርቆሽ ማቅረብ፣ ወተት ማመላለስና መናጥ በአመዛኙ የሴቶችና የልጆች ሥራ ነው። ይህ ሥራ በቀን 5 ሰዓት ቢወስድና ሰዓቱ 20 ብር ቢገመት 100 ብር ይሆናል። ከድቅሏ ላም በእጅ የቀረው 80 ብር ስለ ነበረ የጉልበቱን ዋጋ እንኳ አይሸፍንም። ቤተሰቡ የጠጣው አንድ ሊትር ወተት በ50 ብር ሲታሰብ ግን 30 ብር ይተርፋል። እውነተኛው ትርፍ፣ በልጆቹ ኩባያ ውስጥ ያለው ወተት ነው ማለት ይቻላል። ከዚህም ሌላ፣ ማለዳ ወተት የምታደርስ ልጅ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ካመለጣት የዚያ ዋጋ በብር አይጻፍም፤ ዋጋ ግን አለው።

ሁለተኛው ያልተቆጠረ ነገር እበት ነው። ደጋው እንጨት ያነሰው ስለ ሆነ እበት ተጠፍጥፎ፣ ደርቆ ኩበት ይሆናል፤ ለማገዶ ይውላል፤ ለከተማም ይሸጣል። ኩበት በበጋ፣ ላሟ በነጠፈችበት ወቅት እንኳ፣ የጨውና የበርበሬ መግዣ ያስገኛል። ሆኖም የተቃጠለው እበት ወደ ማሳው አይመለስም። መሬቱ ሲደክም የገብሱ ምርት ያንሳል፤ ገብሱ ሲያንስ ገለባው ያንሳል፤ ገለባው ሲያንስ ላሟ ትራባለች። ዛሬ በኩበት የተገኘው ገንዘብ ነገ በማዳበሪያ ግዢ ሊወጣ ይችላል። ባሕር ዛፍን ወይም ሌላ የማገዶ ዛፍን በቤት ዙሪያ መትከል ከወተት ሒሳብ ጋር የሚገናኘው በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ ለአነስተኛ አርቢ የሚበጀው ምንድን ነው? አንዱ መንገድ መኖን በራስ ማሳ ማምረት ነው። አጃን ከጓያ መሰል የመኖ ተክሎች ጋር አደባልቆ መዝራት፣ ድርቆሽን ዝናብ ሳይመታው ማጨድና መከመር፣ የገዢውን ፉርሽካ ያሳንሳል። ሌላው መንገድ ማኅበር ነው። እ.ኤ.አ. በ1882 በዴንማርክ አገር ህዬዲንግ በተባለ መንደር ገበሬዎች ወተታቸውን በጋራ የሚያቀነባብሩበትን ማኅበር አቋቋሙ፤ ዴንማርክም በቅቤ ንግድ የታወቀች ሆነች። እ.ኤ.አ. በ1946 በህንድ ኬይራ አውራጃ አንድ ወይም ሁለት እንስሳት ብቻ ያሏቸው ገበሬዎች እንደዚሁ አደረጉ። አንድ ሰው 6 ሊትር ይዞ ከነጋዴ ጋር ሲከራከር ደካማ ነው፤ መቶ ሰዎች 600 ሊትር ይዘው ሲቀርቡ ግን ማቀዝቀዣ መግዛት፣ መኖን በጅምላ ማስመጣትና በዋጋ መደራደር ይችላሉ። ነገር ግን ማኅበር የሚቆመው በመተማመን ነው። አንዱ አባል ውሀ የቀላቀለበትን ወተት ቢያመጣ የሁሉም ወተት ይቀጥናል። ወተት ሰብሳቢዎች የወተቱን ክብደት በመለኪያ የሚመረምሩት ለዚህ ነው።

ባጭሩ፣ የአንድ ሊትር ወተት ዋጋ ገዢው የሚከፍለው ገንዘብ ብቻ አይደለም። በውስጡ መኖ አለ፤ የደረቀችበት ወራት አለ፤ ጾምና ርቀት አለ፤ የእናትና የልጅ ጉልበት አለ። ከሁሉ የተሻለችው ላም ብዙ የምትታለበው ሳትሆን መኖዋና ገበያዋ ለባለቤቷ ቅርብ የሆነላት ናት። ይህን ሳይመዝን ሊትር ብቻ የሚቆጥር ሰው ላሙ በምድር ብትሆንም ወተቷ በሰማይ ይቀርበታል።

ለ. የቃላት ፍቺ

የሚከተሉትን ቃላት በምንባቡ ውስጥ ከገቡበት ሐሳብ ጋር አገናዝቡና በየራሳችሁ ዐረፍተ ነገር አስገቧቸው።

መኖ፦ ለከብት የሚሰጥ ምግብ።
ድርቆሽ፦ ታጭዶ የደረቀ ሣር።
ፋጉሎ፦ የቅባት እህል ዘይቱ ከወጣ በኋላ የሚቀረው።
ነጠፈ፦ ወተት መስጠት አቆመ።
አሬራ፦ ቅቤው ከወጣ በኋላ የሚቀር ወተት።
ገንዲ፦ በቆላ አገር ከብትን የሚያከሳና የሚገድል በሽታ።
አፋፍ፦ የገደል ወይም የዳገት ጫፍ።

ሐ. የምንባቡ ጥያቄዎች

1. የሰሜን ሸዋ ደጋ ለወተት ላም የሚስማማባቸውን አራት ምክንያቶች ዘርዝሩ።
2. የመኖ ዋጋ ሩብ ያህል ሲጨምር በእጅ የሚቀረው ገንዘብ ከግማሽ በላይ የቀነሰው ለምንድን ነው?
3. «ሰው ሲጾም ላም አትጾምም» የሚለው ዐረፍተ ነገር ምን ዓይነት የኢኮኖሚ ችግር ያመለክታል?
4. ጸሐፊው የሐበሻ ላም የያዘውን ገበሬ «ኋላ ቀር» ማለት የማይገባው ስለ ምን ነው ይላል? በዚህ አስተያየት ትስማማላችሁን? ምክንያታችሁን ግለጹ።
5. የወተት ዋጋ ከ50 ብር ወደ 45 ብር ቢወርድና ሌላው ሁሉ ባለበት ቢቆይ፣ ከድቅሏ ላም በቀን በእጅ የሚቀረው ስንት ብር ይሆናል?

መ. ሰዋስው፦ ምክንያትንና ውጤትን የሚያያይዙ ቃላት

አስረጂ ጽሑፍ የሚጸናው ሐሳብን ከሐሳብ ጋር በሚያያይዙ ቃላት ነው። ከእነዚህ ውስጥ ዋና ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው።

1. «ስለ» ከግሥ በፊት ገብቶ ምክንያትን ያመለክታል።
ምሳሌ፦ አየሩ ቀዝቃዛ ስለ ሆነ ወተቱ ቶሎ አይበላሽም።
በዚህ ዐረፍተ ነገር «አየሩ ቀዝቃዛ ስለ ሆነ» የሚለው ጥገኛው ክፍል ምክንያት ነው። «ወተቱ ቶሎ አይበላሽም» የሚለው ዋናው ክፍል ውጤት ነው። በአማርኛ ጥገኛው ክፍል ከዋናው ይቀድማል።

2. «ና» በግሥ መጨረሻ ተቀጥሎ ምክንያትን ሊያመለክት ይችላል።
ምሳሌ፦ ላሚቱ ነጥፋለችና ዛሬ የሚሸጥ ወተት የለም።
ይህን «ና» ስሞችን ከሚያጣምረው «ና» ለዩት። «ቅቤና አይብ» ሲባል መጨመርን እንጂ ምክንያትን አያሳይም።

3. «ስለዚህ»፣ «ስለሆነም»፣ «ከዚህም የተነሣ» በዐረፍተ ነገር መጀመሪያ ገብተው ቀደም ሲል የተነገረው ምክንያት ያስከተለውን ውጤት ያበሥራሉ።
ምሳሌ፦ መንገዱ ሩቅ ነው። ስለዚህ ወተቱን ንጣ ቅቤውን ትሸጣለች።

4. «ነገር ግን»፣ «ይሁን እንጂ»፣ «ሆኖም» የተጠበቀው ውጤት አለመምጣቱን ያሳያሉ። «ምንም እንኳ» ከ«ቢ...ም» ጋር ሲገባም ይህንኑ ያሳያል።
ምሳሌ፦ ምንም እንኳ ላሚቱ ብዙ ብትታለብም ባለቤቷ አላተረፈም።

መልመጃ አንድ። የሚከተሉትን ጥንድ ዐረፍተ ነገሮች በቅንፍ በተሰጠው ቃል በመጠቀም አንድ አድርጓቸው።
1. የፉርሽካ ዋጋ ጨመረ። ገበሬው አጃ ዘራ። (ስለ)
2. እበቱ ለማገዶ ዋለ። ማሳው ማዳበሪያ አጣ። (ና)
3. ድቅል ላም ብዙ ትሰጣለች። ብዙ ትበላለች። (ነገር ግን)
4. ቅቤ ከወተት ያነሰ ዋጋ ያወጣል። ሴቶቹ በጾም ወተቱን ይንጣሉ። (ምንም እንኳ)

መልመጃ ሁለት። «አለበ» ከሚለው ግሥ ማለብ፣ አላቢ፣ ታላቢና ማለቢያ የሚሉት ቃላት ይወጣሉ። እያንዳንዱ ድርጊትን፣ አድራጊን፣ ተደራጊን ወይም መሣሪያን የሚያመለክት መሆኑን ለዩ። ቀጥላችሁም «ናጠ» ከሚለው ግሥ ድርጊትን፣ አድራጊንና መሣሪያን የሚያመለክቱ ቃላት አውጡ።

ሠ. ድርሰት፦ ቁጥርን በጽሑፍ ውስጥ መጠቀም

ብዙ ተማሪዎች አስረጂ ድርሰት ሲጽፉ «በጣም»፣ «እጅግ»፣ «ከፍተኛ» የሚሉትን ቃላት ይደጋግማሉ። እነዚህ ቃላት የጸሐፊውን ስሜት ይገልጹ እንደ ሆነ እንጂ ለአንባቢ ማስረጃ አይሰጡም። የሚከተሉትን ሁለት አንቀጾች አነጻጽሩ።

የመጀመሪያው፦ «ላም ማርባት በጣም ጠቃሚ ነው። ወተት እጅግ ብዙ ገንዘብ ያስገኛል። ስለዚህ ሁሉም ሰው ላም ማርባት አለበት።»

ሁለተኛው፦ «ጎረቤታችን በቀን 6 ሊትር ወተት ትሸጣለች። ከምታገኘው 300 ብር ውስጥ 220 ብሩን ለመኖና ለመድኃኒት ታወጣለች። የቀረው 80 ብር የሚበረክትላት ላሚቱ በዓመት በዓመት ከወለደች ነው። ስለዚህ አትራፊነቷ በወተቱ ብዛት ብቻ ሳይሆን በላሚቱ መውለድም የተወሰነ ነው።»

የመጀመሪያው አንቀጽ ከምክንያት ሳይነሣ ወደ ምክር ይዘላል። ሁለተኛው ግን ቁጥር ይሰጣል፤ ቁጥሩን ያብራራል፤ ከዚያም የሚከተለውን ድምዳሜ ብቻ ያወጣል። ቁጥር ያለ ማብራሪያ ብቻውን ቢደረደርም አይረባም፤ አንባቢው ከዚያ ምን እንደሚረዳ ጸሐፊው ሊነግረው ይገባል።

ድርሰታችሁን ከመጻፋችሁ በፊት የሚከተለውን ቢጋር ተጠቀሙ።
1. መግቢያ፦ ጥያቄውን በግልጽ አቅርቡ። መልሱን ገና አትስጡ።
2. ሐተታ፦ ገቢውን፣ ወጪውንና ያልተቆጠረውን ነገር በየአንቀጹ ለዩ። አንድ አንቀጽ አንድ ሐሳብ ብቻ ይያዝ።
3. ተቃራኒ ሐሳብ፦ ከእናንተ የተለየ አስተያየት ያለው ሰው ምን እንደሚል በታማኝነት ጻፉ፤ ከዚያ መልስ ስጡ።
4. መደምደሚያ፦ በሐተታው ከታየው ያልበለጠ ድምዳሜ አስቀምጡ።

የቤት ሥራ። ከሚከተሉት ርእሶች አንዱን መርጣችሁ ከሁለት ገጽ ያላነሰ ድርሰት ጻፉ።
ሀ. በቤታችን ወይም በጎረቤታችን የሚካሄድ አንድ ሥራ ገቢና ወጪ (ዶሮ ርባታ፣ ጠላ መጥመቅ፣ በግ ማድለብ ወይም ሌላ)
ለ. እበትን ለማገዶ ማዋል ይሻላል ወይስ ለማሳ?
ሐ. በቤተሰብ ሥራ ውስጥ ያልተቆጠረ ጉልበት

ለመጀመሪያው ርእስ ወላጆቻችሁን፣ አያቶቻችሁን ወይም የጎረቤት እናቶችን በአክብሮት ጠይቃችሁ ቁጥሮቹን በደብተራችሁ መዝግቡ። በጠየቃችሁ ጊዜ «ስንት ታገኛላችሁ?» ከማለታችሁ አስቀድማችሁ «በቀን ስንት ሰዓት ይፈጅባችኋል?» ብላችሁ ጠይቁ። ምንም የጉልበት ዋጋ ያልተጻፈበት ሒሳብ ያልተሟላ ሆኖ ይታረማል።